የእጅ ሰዓት በቤት ውስጥ መጠገን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰዓት እፈታለሁ ካልኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ልጀምር።

ለመጀመር ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ብዙ አያስፈልግም። ስፋታቸው 0.8፣ 1.0፣ 1.2፣ 1.4 እና 1.6 ሚ.ሜ የሆኑ ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ ጫፉ የቀጠነ ወረንጦ፣ ዓይን ላይ የሚደረግ ማጉያ፣ የጀርባ ክዳን መክፈቻ፣ የማሰሪያ ፒን ማውጫ፣ አቧራ የሚነፋ የጎማ ፊኛ። እነዚህን የያዘ ሰው ባትሪ ይቀይራል፣ ማሰሪያ ይቀይራል፣ የቆመ የኳርትዝ ሰዓት ምን እንደነካው ይመረምራል።

ገንዘባችሁን ካቻቢቴና ወረንጦ ላይ አውጡት። ሠላሳ ዕቃ በአንድ ቦርሳ እየተባለ የሚሸጠው ርካሽ ስብስብ፣ መክፈቻውና ፒን ማውጫው አይከፋም። ካቻቢቴው ግን ጠንከር ያለ ብሎን ሲገጥመው ጫፉ ይጠማዘዛል። ወረንጦ ስትገዙ ብርሃን ፊት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጨብጡት። ቀድመው መነካካት ያለባቸው ሁለቱ ጫፎች ናቸው። መሃሉ ቀድሞ ከገጠመ ተዉት። እኔ አንዲት የራስ ፀጉር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በወረንጦው ለማንሳት እሞክራለሁ። ፀጉሯን ያላነሳ ወረንጦ ብሎንም አያነሳም፤ ያስፈነጥራል እንጂ።

ማጉያው ስንት እጥፍ ይሁን?

ለሥራ 4 ወይም 5 እጥፍ፣ ለምርመራ 10 እጥፍ። ባለ 10 እጥፉ ሰዓቱን አፍንጫችሁ ሥር ካላስገባችሁ አያሳይም። ያን ጊዜ ደግሞ ካቻቢቴ የሚገባበት ቦታ አይኖርም።

የኔ ሰዓት ኳርትዝ ነው ሜካኒካል?

የሰከንድ ቆጣሪዋን እዩ። በየሰከንዱ አንዴ ዘለል፣ ቆም የምትል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኳርትዝ ነው፤ የሚሠራውም በባትሪ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ቺፑ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ በሁለት ያካፍለዋል፤ መጨረሻ ላይ 1 ይቀራል። ያቺ አንዲት ምት ናት ቆጣሪዋን የምትገፋት። በዚህ መንገድ የሚሠራው የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የእጅ ሰዓት ሴይኮ አስትሮን ነው፤ የወጣውም በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር።

ቆጣሪዋ ሳትቆም እየተንሸራተተች የምትሄድ ከመሰለችና ጆሮ ሲጠጉት ፈጣን ትክ ትክ ካለ ሜካኒካል ነው። እሱ የሚሠራው በተጠቀለለ ሞላ ነው። ዛሬ ከሚሠሩት ብዙዎቹ በሰዓት 21,600 ወይም 28,800 ጊዜ ይመታሉ፤ ማለትም በሰከንድ 6 ወይም 8 ጊዜ።

የጀርባ ክዳኑን ሳልቧጭር እንዴት ልክፈተው?

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ዙሪያውን ስትዳስሱት ጥፍር የምታስገባ ትንሽ ክፍተት ካለች ተጭኖ የሚዘጋ ነው። ጥርሳ ጥርስ ጉድጓዶች ካሉት የሚጠመዘዝ ነው። አራት ትንንሽ ብሎን ካለው ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው።

ተጭኖ የሚዘጋውን ለመክፈት ስለቱን ክፍተቷ ውስጥ አስገብታችሁ ስለቱን ራሱን ጠምዝዙት፤ ወደ ላይ አትፈንቅሉ። እኔ የመጀመሪያዬን በወጥ ቤት ቢላ ፈነቀልኩት። ክዳኑ ተከፈተ፤ አውራ ጣቴም አብሮ። የሚጠመዘዘውን ለመክፈት በሁለት ወይም በሦስት ጥርስ የሚይዝ መፍቻ አለ። ብዙ ካልጠበቀ ግን መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ተጭኖ የሚሽከረከር ሙጫማ የጎማ ኳስ ሞክሩ፤ እሱ አይቧጭርም። መፍቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑት።

ክዳኑ ተከፍቶ አልዘጋም አለኝ።

ሦስት ነገር እዩ። የጎማ ቀለበቱ ከቦታው ወጥቶ ተቆንጥጧል? ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ከማዞሪያው ዘንግ ትይዩ ናት? ክዳኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል? ሦስቱም ልክ ሆነው ካልገባ የመዝጊያ ማተሚያ ያስፈልጋል። መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ ደፍታችሁ በሙሉ ክብደታችሁ አትጫኑ። መስታወት ሲዘጋም ይሰነጠቃል።

የትኛውን ባትሪ ልግዛ?

ከውስጡ ባወጣችሁት ላይ የተጻፈውን። በጣም የተለመደው 377 ነው፤ ኤስአር626ኤስደብሊው ተብሎም ይጻፋል። ቁጥሩ ዝም ብሎ አይደለም። 626 ማለት ስፋቱ 6.8፣ ውፍረቱ 2.6 ሚ.ሜ የሆነ ነው። 621 ደግሞ ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.1 ነው። በስህተት 621 ብታስገቡ ላላ ይላል፤ ሰዓቱ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይቆማል፤ እናንተም ማሽኑን ትጠረጥራላችሁ።

«ኤስአር» የሚለው የብር ኦክሳይድ ነው፤ 1.55 ቮልት ይሰጣል፣ እስኪያልቅም ብዙ አይወርድም። «ኤልአር» የሚለው አልካላይን ነው። ይረክሳል፣ መጠኑም ይገጥማል፣ ግን ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ማፍሰስም ይወዳል። በሰዓት ላይ እሱን መቆጠብ አያዋጣም። የወጣውንም የገባውንም ባትሪ ከሕፃናት አርቁ። ከተዋጠ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ በተለይ እንደ ሲአር2032 ያሉት ትልልቆቹ ሊቲየሞች።

የሰከንድ ቆጣሪዋ በአራት በአራት ሰከንድ ትዘላለች። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን እየነገራችሁ ነው። አንዳንዱ በሁለት በሁለት ሰከንድ ይዘላል። ሰዓቱን ልክ ይቆጥራል፤ ግን ቶሎ ቀይሩለት።

ባትሪ ቀየርኩ፤ አሁንም አይሄድም።

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ቅደም ተከተል ጠብቃችሁ ሂዱ፤ ዘላችሁ ማሽኑ ሞቷል አትበሉ።

መጀመሪያ ማዞሪያው። ሰዓት ለማስተካከል የተጎተተ ማዞሪያ ኳርትዙን ያቆመዋል። ሳቅ ይላል ሰው፤ ግን «አልሠራም» ተብለው ከመጡልኝ ሰዓቶች ብዙዎቹ ጠቅ ተደርጎ ማዞሪያቸው ሲገባ ሄደዋል። ቀጥሎ ባትሪው። የተጻፈበት ፊት ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ነው። ጎኑን የሚነካው የብረት ምላስ ተጣሞ ይሆን? አዲሱ ባትሪስ በቴስተር ሲለካ 1.55 አካባቢ ያሳያል? መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ «አዲስ» ባትሪ ያጋጥማል። በብረት ወረንጦ ሁለቱን ፊት ይዛችሁ ካስገባችሁትም ለዚያች ቅጽበት ሾርት አድርጋችሁታል፤ የፕላስቲክ ወረንጦ ተጠቀሙ።

ዲጂታል ከሆነ ውስጡ «ኤሲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት አጠገብ ትንሽ ነጥብ ፈልጉ። ይህችን ነጥብና የባትሪውን ፖዘቲቭ በወረንጦ ለሁለት ሰከንድ ያህል አገናኙ። ቺፑ እንደገና ይነሳል። ይህን ሳያደርጉ ደህና ሰዓት የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ ዝም ካለ ባትሪውን አውጡና የመዳብ ጥቅልሉን ሁለት ጫፎች በቴስተር ለኩ። ብዙዎቹ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ኦም ያሳያሉ። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንዲት የካቻቢቴ መንሸራተት ትበቃዋለች። ጥቅልሉ ደህና ከሆነ ቆጣሪዎቹን እዩ፤ እርስ በርስ ወይም ከመስታወቱ ጋር ይተሻሻሉ ይሆናል። እነሱም ደህና ከሆኑ ጥርሶቹ መሃል ቆሻሻ አለ፤ አለዚያም ዘይቱ ደርቋል። እንደ ሚዮታ 2035 ባሉ ርካሽ ማሽኖች ላይ ከዚህ በኋላ መድከም አያስፈልግም። ሙሉ ማሽኑን መቀየር ከማጽዳት ይቀላል።

ባትሪው ውስጥ አፍስሶ አረንጓዴ ነገር አለበት። ይድናል?

ብዙ ጊዜ ይድናል። የፈሰሰው አልካሊ ስለሆነ በአሲድ ኃይሉ ይጠፋል። የስንጥር ጫፍ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክራችሁ ቦታውን ብቻ ጥረጉ፤ አታጥለቅልቁ። ከዚያ በአልኮል ጥረጉትና አድርቁት። መገናኛ ምላሷ ተበልታ ካለቀች ግን ጽዳት አይመልሳትም።

የተጫረ መስታወት በጥርስ ሳሙና ይጠፋል?

የፕላስቲኩ (አክሪሊክ) ይጠፋል። በጥፍር ስትነኩት ድምፁ ደነዝ ያለ፣ ሞቅ የሚል ከሆነ አክሪሊክ ነው። ለስለስ ባለ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ፈትጉት፤ ጥልቅ ካልሆነ ጭረቱ ይሄዳል። እውነተኛውን መስታወትና ሳፋየሩን (በጣም ጠንካራውን የሰዓት መስታወት) ግን እስከ ነገ ብትፈትጉት ንክች አይለውም። ይቀየራል እንጂ። ስትቀይሩ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ትነቱ መስታወቱን ከውስጥ ነጭ ያለብሰዋል።

መስታወቱ ውስጥ ጉም ያዘ። ሩዝ ውስጥ ልቅበረው?

ሩዙን ተዉት። ዱቄቱ የሚገባበት ቀዳዳ ካገኘ ሌላ ሥራ ይጨምርላችኋል። ማዞሪያውን ጎትቱ፣ የጀርባ ክዳኑን ክፈቱ፣ ደረቅና ለብ ያለ ቦታ ተከፍቶ ይደር። ፀጉር ማድረቂያ ከሆነ በትንሹና ከሩቅ። የጨው ውሃ ከሆነ ግን ማደር የለም። ዝገቱ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ ያኑ ዕለት ተፈቶ መታጠብ አለበት።

ጉሙ ከደረቀ በኋላ ውሃው በየት እንደገባ ፈልጉ። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር የጎማ ቀለበቱ መታየት አለበት። ከደረቀ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ይቀየራል፤ ደህና ከሆነ የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀባል። «30 ሜትር» የሚለው ጽሑፍም ብዙ ሰው ያሳስታል። ለእጅ መታጠብና ለዝናብ ነው፤ ለዋና አይደለም።

ሜካኒካል ሰዓቴ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ጀመረ።

ማግኔት ይዞታል ብላችሁ ጀምሩ። ጊዜውን የምትቆጥረው ቀጭኗ ሞላ ማግኔት ሲይዛት ቀለበቶቿ ይጣበቃሉ። ያን ጊዜ የምትሠራበት ርዝመት ያጥራል፤ ያጠረች ሞላ ትፈጥናለች። የስልክ ድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ መቆለፊያ፣ የታብሌት ሽፋን፣ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። ትንሽ ኮምፓስ ሰዓቱ ላይ አድርጉ። መርፌዋ ከተንቀጠቀጠች ወይም ከዞረች ይዞታል።

ማግኔት ማስወገጃዋ ሳጥን ርካሽ ናት። ሰዓቱን ላይዋ አድርጉ፣ ቁልፏን ተጫኑ፣ ሳትለቁ ሰዓቱን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አርቁ፣ ከራቀ በኋላ ልቀቁ። ሰዓቱ እላይዋ እያለ ቁልፏን ከለቀቃችሁ ከቀድሞው አብልጦ ሊይዘው ይችላል። በቀን 10 ሰከንድ ለሚቀድም ሰዓት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። የስዊዘርላንዱ የክሮኖሜትር ፈተና እንኳ ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ይፈቅዳል።

አውቶማቲክ ሰዓቴ ጠዋት ስነሳ ቆሞ አገኘዋለሁ።

ጤነኛው ሙሉ ሞልቶ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ 40 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣችሁ የምትውሉ ከሆነ እጃችሁ ላይሞላው ይችላል። በማዞሪያው ሠላሳ ጊዜ ያህል ሙሉትና አስቀምጡት። እንደ ሴይኮ 7ኤስ26 ያሉ በማዞሪያ የማይሞሉም አሉ፤ እነሱን እያወዛወዛችሁ ሙሉ። ሞልቶ 24 ሰዓት ካልደረሰ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ጽዳት ይፈልጋል።

ከልክ በላይ ሞላሁት መሰለኝ፤ ቆመ።

ሞላው ከሞላ በኋላ ቆመ ማለት በመሙላቱ ቆመ ማለት አይደለም። (አማርኛችን እዚህ ጋ አያግዝም፤ ሞላውም ሞላ፣ መሙላቱም ሞላ።) አውቶማቲኩ ሞላ ሲሞላ ግድግዳው ላይ ይንሸራተታል፤ ከልክ አያልፍም። በእጅ የሚሞላውም ሲሞላ እምቢ ይላል። እምቢ ሲል ካልታገላችሁት ምንም አይሆንም። ሞልቶ የቆመ ሰዓት ጉልበት ሞልቶት መሄድ ያቃተው ነው፤ ዘይቱ ደርቋል፣ ቆሽሿል፣ ወይም የተሰበረ ነገር አለ።

ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ቀን ላይ ነው። ቀን ስቀይርም አንዴ ቀጭ አለብኝ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት አዙሩ። ሁለተኛው ያስፈራል። ቀኑን የሚገፋው ጥርስ ቀኑ ከመለወጡ በፊትና በኋላ ለብዙ ሰዓት ተነካክቶ ይቆያል። በዚያ መሃል በፈጣኑ ማስተካከያ ስትጎትቱት ጥርሱ ይሰበራል። እኔ ሁልጊዜ ቆጣሪዎቹን መጀመሪያ ወደ 6 ቁጥር አወርዳለሁ፤ ከዚያ ነው ቀኑን የምነካው።

ትንሽ ዘይት ጠብ ባደርግበት አይሻለውም?

አይሻለውም። የልብስ ስፌት ዘይት፣ ደብሊውዲ-40፣ የወይራ ዘይት፣ ሁሉንም ከፍቼ አግኝቻለሁ። ዘይቱ ይዛመታል፣ አቧራ ይይዛል፣ ቀጭኗን ሞላ ያጣብቃታል። የሰዓት ዘይት ለየቦታው የተለየ ነው። ፈጣኑ ዘንግ እንደ ሞቢየስ 9010 ያለ ቀጭን ይፈልጋል፤ ቀርፋፋውና ጉልበት የሚሸከመው ወፍራም። የተራ ጥርሶች ላይ ጭራሽ አይደረግም። ከሁሉ በፊት ደግሞ አሮጌው መታጠብ አለበት። ስታጥቡ አልኮል አልኮል አትበሉ፤ የመልህቋን (ትክ ትክ የምታደርገዋን ሹካ) ቀያይ ድንጋዮች የያዘው ሼላክ የሚባል ሙጫ በአልኮል ይሟሟል።

ሜካኒካል ማሽን መፍታት ልለማመድ፤ በምን ልጀምር?

በአያታችሁ ሰዓት አይደለም። ኢቲኤ 6497 የሚባለውን የስዊዘርላንድ ማሽን ወይም አምሳያው የሆነውን የቻይናውን ሲገል ኤስቲ36 ግዙ። ስፋቱ 36.6 ሚ.ሜ ነው፤ ለኪስ ሰዓት የተሠራ፣ ቀን መቁጠሪያ የሌለው፣ ክፍሎቹ ትልልቅ። ፈትታችሁ ገጥማችሁ እስኪሄድ ድረስ ሌላ አትንኩ። እየፈታችሁ በየደረጃው ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን ከየድልድዮቻቸው (መንኮራኩሮቹን ከላይ ከሚይዙት ሳህኖች) ጋር ለየብቻ አስቀምጡ፤ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፣ ርዝመታቸው ግን ይለያል።

ከሁሉ በፊት ሞላውን አራግፉ። ማዞሪያውን በጣታችሁ ያዙ፣ ሞላው እንዳይመለስ የያዘችውን ማገጃ በስንጥር ገፋ አድርጉ፣ ማዞሪያው በጣታችሁ መሃል ቀስ እያለ ይመለስ። ይህን የረሳ ሰው ድልድዩን ሲያነሳ የመንኮራኩሮቹን ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ መቁጠር ነው።

አንዲት ክፍል ከወረንጦ አፈትልካ ጠፋች።

አትነሱ። አትንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ጭናችሁን፣ ቀጥሎ እጅጌያችሁን እዩ። ከዚያ መብራት አጥፍታችሁ የስልክ መብራት ወለሉ ላይ አግድም አብሩ፤ ትንሿ ነገር ረጅም ጥላ ትጥላለች። እኔ አንድ የማገጃ ሞላ ሁለት ቀን ፈልጌ በሦስተኛው ሳምንት የሱሪዬ እጥፋት ውስጥ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሞላ የማወጣው ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እጄን አስገብቼ ነው።

የአሮጌ ሰዓት ቁጥሮች ላይ የተቀባ የሚያበራ ነገር አለ። ልፋቀው?

በፍጹም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ ብዙ የሚያበሩ ሰዓቶች የተቀቡት ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ነው። ብርሃኑ ጠፍቷል ማለት ራዲየሙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የደከመው የሚያበራው ዱቄት ነው፤ ራዲየሙ ግማሹ ለማለቅ 1,600 ዓመት ይወስድበታል። አደጋው ሲፋቅ የሚነሳው አቧራ ነው። ወደ ውስጥ ይተነፈሳል። ቡናማ ሆኖ የሚፈረፈር ካያችሁ ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉ።

ታይምግራፈር (የሜካኒካል ሰዓትን ምት እየሰማ የሚለካ መሣሪያ) ገዛሁ። ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

ሦስት ቁጥር ነው የምታዩት። የመጀመሪያው በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ነው። ሁለተኛው ተወዛዋዧ ጎማ ስንት ዲግሪ እንደምትዞር ነው። ሙሉ ሞልቶ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ከ270 እስከ 310 ቢሆን ደስ ይላል። ከ220 ከወረደ ጽዳት ይፈልጋል። ሦስተኛው ትክና ታክ ምን ያህል እኩል እንደሆኑ ነው፤ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ አትነካኩት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሁለተኛው ላይ ነው። መሣሪያው ዲግሪውን የሚያሰላው እናንተ በምትሰጡት የማንሻ ማዕዘን ነው፤ እሱም ከማሽን ማሽን የሚለያይ ቁጥር ነው። ሲበራ 52 ብሎ ይጀምራል። የ6497 ግን 44 ነው። ሳትቀይሩ ከለካችሁ ያላለውን ይለዋል፤ የደከመ ሰዓት ጤነኛ ይመስላችኋል።

ቀጭኗ ሞላ ተጣመመች። ላቃናት?

አንድ ቀለበት ብቻ፣ ያውም ውጫዊው ከሆነ፣ በሁለት ጥሩ ወረንጦና በብዙ ትዕግሥት ይሞከራል። እኔ አንዴ ወረንጦዬ ሳተና ሁለተኛዋን ቀለበት ነካ አደረገቻት። ነካ ብቻ። እሷን ላቃና ስል ሦስተኛዋ ዞረች፣ ሦስተኛዋን ስይዝ አራተኛዋ ላይ ወጣች። ሲመሽ የያዝኩት ሞላ ሳይሆን የሸረሪት ድር ነበር።

ይልቅ ጎማዋና ሞላዋ አብረው፣ ተገጣጥመው የሚሸጡበትን ሙሉ ክፍል ፈልጉ። ስትገዙ የማሽኑን ቁጥርና በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚመታ አመሳክሩ። የ28,800 ክፍል በ21,600 ማሽን ላይ ብትገጥሙት ይሄዳል፤ ግን ሰዓቱ ልክ አይሆንም፣ የትኛውም ማስተካከያ አይመልሰውም።